መሬት የምትፈታው ልባስ

ዘመኑን አትጠይቁኝ፣ እኔም የነገሩኝን ሰዎች አልጠየቅኋቸውም። በሁለት ተራሮች መካከል፣ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር፣ ዕቃ ራቁቱን ከእጅ ወደ እጅ የማይተላለፍበት አገር ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው ይላሉ። ከድሮ ነገሥታት ለአንዱ ቢላዋ በስጦታ ቀረበለትና ሲቀበል ጣቱን ቆረጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ያልተሸፈነ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አይለፍ" ብሎ አዋጅ አስነገረ። አዋጁ ክፋት አልነበረውም። ሰው ቅቤውን በኮባ፣ ጨውን በሰሌን፣ ማሩን በቅል ማድረጉን ያለ አዋጅም ያውቅበት ነበር። ንጉሡ ሲሞት ልጁ ነገሠ። የልጅ ወጉ ከአባት መብለጥ ነው ተባለና ልባሱ ሁለት ሆነ። የልጅ ልጁ ሦስት አደረሰው። እንዲህ እያለ በሰባተኛው ንጉሥ ዘመን ልባሱ ሰባት ሞላ።

ይህ ሰባተኛው ንጉሥ ደግሞ ቅጠል አስጠላው። ከባሕር ማዶ ከመጣ ነጋዴ ብርቅርቅ የሚባል ነገር ተቀበለ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ውሃ የማያሳልፍ፣ ምስጥ የማይበላው፣ ቢቀብሩት የማይበሰብስ። በአዋጁም ላይ "ሰባተኛው ልባስ ያብራ" የሚል ቃል ተጨመረ። ስለ ስድስቱ አዋጁ ያለው ነገር የለም። ሹማምንቱ ግን የንጉሡን ዓይን አይተው ስድስቱንም ብርቅርቅ አደረጓቸው።

ለዚህ ሁሉ ሥራ ልባስ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ቆመ። በየከተማው በር ላይ ቆጣሪ ተሾመ። ቆጣሪ የጥቅሉን ጠርዝ በጥፍሩ እየገለጠ ልባሱን ይቆጥራል። ስድስት ከሆነ "ንቀት ነው" ብሎ ይመልሳል፤ ስምንት ከሆነ "ትዕቢት ነው" ብሎ ያስራል። ከቆጣሪ በላይ ደግሞ ፈቺ አለ። ተራ ሰው የራሱን ዕቃ እስከ ሦስተኛው ልባስ ድረስ በገዛ እጁ መፍታት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ባለማዕረጉ ፈቺ መጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሸፍነው ላቆዩን ነገሥታት ምስጋና አድርሶ ይፈታለታል። በአንድ ወረዳ ሦስት ፈቺዎች ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ለቅሶ ላይ፣ ሌላው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። እንቁላል ገዝቶ ፈቺ ሲጠብቅ ጫጩት የተፈለፈለለት ሰው ነበረ ይላሉ፤ እሱን እንኳ ለጨዋታ የጨመሩት ይመስለኛል።

የተፈታው ብርቅርቅ ወዴት እንደሚሄድ ያሰበ ሹም ግን አልነበረም። ነፋስ ወደ ወንዝ ይገፋዋል፣ ወንዝ ወደ ሐይቅ ያወርደዋል። ከዚያ ወዲያ የዓሣ አጥማጆች ጉዳይ ነው።

በልባስ ቤት ውስጥ ማንያህልሻል የምትባል ሴት ትሠራ ነበር። ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል፣ ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፣ ወሬ አታበዛም። ሥራዋ አዲስ እጥፋት መፍጠር ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ንጉሡ ፊት የሚቀርበው አጠቃለል ከእሷ እጅ ይወጣል። ከሁሉ የተመሰገነላት "የእርግብ ክንፍ" የሚባለው ነበር፤ ሰባቱ ልባሶች አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ላባ ተደራርበው፣ ያለ ክርና ያለ ሙጫ እንዲቆላለፉ የሚያደርግ እጥፋት ነው። ከንጉሡ ጎተራ ለገበሬ የሚታደለው ዘር ሁሉ በእርግብ ክንፍ እንዲጠቀለል ታዘዘ። ማንያህልሻል ያን ቀን ሸማ ተሸለመች። ቤቷ ደርሳም ሸማውን ሳታወልቅ ቆየች፤ ደስ ብሏት ነበርና አይፈረድባትም።

ባሏ ጓንጉል ዓሣ አጥማጅ ነው። ከዓመት ወደ ዓመት የሚያመጣው ዓሣ እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መረቡን በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ እሷ ደጅ ተቀምጣ ነበር።

"ዛሬስ ምን ያዝክ?" አለችው።

"የእጅሽን ሥራ" አላት።

በቁጣ አልተናገረውም። መረቡን መሬት ላይ ዘረጋው። በመረቡ ውስጥ ጭቃ የለበሰ ብርቅርቅ ተጠቅልሏል፤ ሲያጥበው አበራ። የእርግብ ክንፍ ነበር። በእጥፋቱ መካከል ቆሮሶ የምትባል አንዲት ትንሽ ዓሣ ገብታ፣ መውጫ አጥታ ሞታለች።

"ጥሩ አጥፈሽዋል" አላት ጓንጉል። "ስንት ክረምት ውሃ ውስጥ ከርሞ አልተፈታም።"

 ማንያህልሻል ዓሣዋን ከእጥፋቱ ለማውጣት ሞከረች፤ የገዛ እጇ የቆለፈው ነገር አልከፈት አላት። በመጨረሻ ጓንጉል በቢላዋ ቀደደው። በማግሥቱ እንደ ልማዷ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እጇ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዘገየ።

የክረምቱ መግቢያ ሲቃረብ አንድ ሽማግሌ ልባስ ቤት ድረስ መጣ። ሞላልኝ ይባላል፤ ከተራራው ሥር ካሉት ሦስት መንደሮች የመጣ ገበሬ ነው። በር ጠባቂዎቹ የያዘውን ጥቅል ቆጥረው አሳለፉት፤ ሰባት ነበር። ከሰው ሰው እየጠየቀ ማንያህልሻል ዘንድ ደረሰና ጥቅሉን ፊቷ አስቀመጠው።

"ይህን ያጠፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ ልጄ።"

"አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ፍቺልኝ። አንቺ ማዕረግ አለሽ።"

ማንያህልሻል ፈታችው። የመጨረሻው ልባስ ሲከፈት ሽታው ቀድሟት ወጣ። ማሽላው ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር። በብርቅርቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ ውሃ እንደ ላብ አቸፍችፏል።

"ይህ ካምናው ሳይፈታ የቀረ ነው" አለ ሞላልኝ። "ዘር ይተነፍሳል ልጄ። ሲታፈን ያልበዋል፣ ካላበው ይሞታል። እኛ ይህን እናውቃለን፤ ግን ፈቺው እስኪመጣ መጠበቅ ግዴታችን ነው። ዝናቡ ሦስት ሳምንት ዘነበ፣ ፈቺው በአራተኛው ሳምንት ደረሰ። ሌላውን ሲፈታው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ዘንድሮም እንዲሁ ተጠቅልሎ ተሰጠን። አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳሸተው ከውጭ አይሸትም፤ ያንቺ ሥራ ሽታ አያስወጣም። ግን አውቀዋለሁ።"

"ሌላ ዘር የላችሁም?"

ሽማግሌው ዙሪያውን ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከምድጃዬ በላይ፣ ጪሱ የሚደርስበት ላይ፣ ጥቂት የማሽላ ዛላ ሰቅያለሁ። ራቁቱን ነው። ጎረቤቶቼም እንደዚሁ ትንሽ ትንሽ አላቸው። ሌሎቹ ሁለቱ መንደሮች ግን አሟጠው በልተዋል። ልናካፍላቸው ብንል በበሩ ማለፍ አለበት፤ በበሩ ለማለፍ መጠቅለል አለበት፤ ከተጠቀለለ ይሻግታል። በዚህ ክረምት ካልዘራን አገሩን ጥለን እንሄዳለን። ቁርጡ ይህ ነው።"

"ታዲያ ከኔ ምን ትፈልጋለህ አባቴ?"

"እንድታይው ነው የመጣሁት" አላት። "አንቺ የቆለፍሽውን ካንቺ ሌላ ማን ይፈታዋል ብዬ።"

ማንያህልሻል ያን ዕለት የሻገተውን ማሽላ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።  አዋጁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በልቧ ታውቀዋለች፤ እየደጋገመች በቃሏ አነበነበችው። ልባሱ ሰባት ይሁን ይላል እንጂ ከምን ይሁን አይልም። ሰባተኛው ያብራ ይላል እንጂ ብርቅርቅ ይሁን አይልም። ከሦስተኛው ወዲያ ተራ ሰው አይፍታ ይላል፤ ሳይፈታ አይዝራ ግን አይልም።

"ጓንጉል" አለችው፣ "ከሐይቁ ዳር ሸክላ ሠሪዎቹ የሚወስዱት ቀይ አፈር አሁንም አለ?"

"እሱማ የት ይሄዳል!"

"አንድ አቁማዳ አምጣልኝ።"

ሞላልኝ ተመልሶ በጋቢው ሥር ደብቆ ካመጣላት ዛላ ጥቂት ፍሬ ወስዳ ሥራዋን ጀመረች። ፍሬውን ነቀዝ እንዳይነካው በአመድ አሸችው፤ ይህን አንድ አለች። በላዩ እበት ለበጠች፣ ሁለት። ቀይ ጭቃ፣ ሦስት። ገለባ የገባበት ጭቃ፣ አራት። ደረቅ የኮባ ቅጠል ጠቀለለችበት፣ አምስት። እንደገና ስስ ጭቃ፣ ስድስት። ሰባተኛውን ልባስ ደግሞ ከተጣራ ቀይ አፈር ቀባችው። እርጥበቱ ትንሽ ሲለቀው፣ ሸክላ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት፣ በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ እያሸች አወለወለችው። አበራ። የሎሚ ያህል ክብ፣ ቀይ፣ የሚያምር ነገር ሆነ።

የመጀመሪያዎቹን አሥር በጓሮዋ ቀብራ ውሃ አጠጣቻቸው። ከሳምንት በኋላ ስትቆፍራቸው ቡቃያው የኮባውን ቅጠል መውጣት አቅቶት፣ እዚያው ውስጥ ተጠምዝዞ ሞቶ አገኘችው። ብዙ ጊዜ ቁጭ ብላ አየችው። የቆሮሶዋ ነገር ትዝ ሳይላት አልቀረም። ቀጥሎ ቅጠሉን ሳትጠቀልል እንደ ቃጫ ሰንጥቃ አለበሰችው፤ ጭቃውንም አሳሳችው። ከእነዚያ ከአሥሩ ሁለት በቀሉ። በሦስተኛው ዙር ጓንጉልም እጁን ታጥቦ አብሯት ተቀመጠ፤ መረብ የሚሠራ ሰው ክፍተት መተው ያውቅበታል። ከዚያኛው ዙር ከአሥሩ ስምንት በቀሉ። ስምንቱ በአንድ ቀን ከመሬት ሲወጡ ጓንጉል ሚስቱን ጠርቶ አሳያት።

የቀረው ማስፈቀድ ነው። ልባስ ቤትን የሚመራው ሊቀ ልባስ አርከሌድስ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። "አንዱን ከፈትን ማለት ሁሉን ከፈትን ማለት ነው" ማለት ይወዳል። ማንያህልሻል ሸክላ መሳዩን ጥቅል ይዛ ሸንጎው ፊት ቀረበች። ሞላልኝና ጎረቤቶቹ ደጅ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

"ይቆጠር" አለ አርከሌድስ።

የሰሜን በር ቆጣሪ እንግዳሰው ተጠራ። እንግዳሰው ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ቆጥሮ የማይሳሳት፣ በሥራው የሚኮራ ሰው ነው። ጥቅሉን በካራ ለሁለት ሰንጥቆ ልባሱን ከውጭ ወደ ውስጥ መቁጠር ጀመረ። ጣቶቹ በጭቃ ተለወሱ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

"ሰባት ነው ጌታዬ" አለ።

"ሰባተኛው ያበራል?"

"ፊቴን አየሁበት ጌታዬ።"

ሸንጎው አጉረመረመ። አርከሌድስ ጢሙን ዳበሰ።

"ማን ነው የሚፈታው?" ብሎ ማንያህልሻልን ጠየቃት።

"መሬት ናት ጌታዬ። ገበሬው ሳይፈታ እንዳለ ይቀብረዋል፤ ዝናብ ሲመጣ መሬት ትፈታዋለች። ፈቺ መጠበቅ አያስፈልግም። ልባሱም ተመልሶ አፈር ይሆናል እንጂ ሐይቅ አይገባም።"

"መሬት የፈቺነት ማዕረግ አላት?"

"ከእኛ ሁላችን በፊት ስትፈታ ኖራለች ጌታዬ።"

"የጠየቅሁሽ ማዕረጓን ነው።"

ማንያህልሻል የተሰነጠቀውን ጥቅል ገጥማ ያዘች። 

ሸንጎው ሦስት ቀን መከረ። በመጀመሪያው ቀን መሬት ትሾም አትሾም የሚል ክርክር ሆነ። በሁለተኛው ቀን ከተሾመች መማል አለባት ተባለ። በሦስተኛው ቀን አንድ እፍኝ አፈር በሰባት ብርቅርቅ ተጠቅልሎ ሸንጎ ቀረበ፤ ፈቺ እጁን ታጥቦ ፈታላትና መሐላው ተነበበላት። ጸሐፊው "መሬት ብትጠየቅ መልስ ሳትሰጥ ቀረች" ብሎ ጻፈ። ፍርዱም ተሰጠ። መፍታት የምትችለው መሬት ማዕረግ ስለሌላት ይህ ነገር ሊፈታ አይችልም፤ ሊፈታ የማይችል ነገር ጥቅል አይባልም፤ ስለዚህ የቀረበው ጥቅል አይደለም፣ ጭቃ ነው። ማንያህልሻልም በልባስ ቤት ስም ጭቃ ስላቀረበች ከሥራዋ ትሰናበት።

የተሸለመችውን ሸማ አስመለሷት። እጥፋት የምታወጣበትን ጠረጴዛ ለሌላ ሰው ሰጡት። ወደ ደጅ ስትወጣ ሞላልኝ ፊቷን አይቶ ተረዳ።

"ከለከሉ?" አላት።

"ጭቃ ነው አሉ።"

ሽማግሌው ለመሄድ በትሩን አነሳ። ጥቂት እንደተራመደ ቆመና ወደ እሷ ዞረ። "በጽሑፍ ነው ያሉት?"

"በማኅተም።"

"ቅጂውን ስጪኝ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሞላልኝ መንደር ሰው ሁሉ እጁን ጭቃ ውስጥ ነከረ። ማንያህልሻል ከጓንጉል ጋር እዚያው ሄዳ ተቀመጠች፤ ለሴቶቹም ለወንዶቹም አሳየች። ጭቃ ነው ከተባለ ሰባት ልባስ አያስፈልገውምና ሦስቱን ብቻ አስቀረች፤ አመዱን፣ እበቱንና ገለባ የገባበትን ጭቃ። ማወልወሉም ቀረ። እሱን ስትተው ትንሽ ቅር ብሏት ነበር፤ ያማረ ነገር መሥራት ትወድ ነበርና። በየቤቱ ከምድጃ በላይ የተሰቀለው ዛላ ሁሉ ወረደ። በስድስተኛው ቀን ሃያ አህያ ተጭኖ ወደ ሁለቱ መንደሮች ጉዞ ተጀመረ፤ መንገዱ በሰሜን በር ያልፋል።

እንግዳሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቅርጫቱን ገልጦ ተመለከተ።

"ምንድን ነው ይህ?"

"ጭቃ ነው ጌታው" አለ ሞላልኝ።

እንግዳሰው አንዱን አንስቶ በጣቱ ፈረከሰው። የማሽላ ፍሬ መዳፉ ላይ ቀረ። ፍሬ ራቁቱን በእጁ ይዞ ሲያይ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።  ማንያህልሻል ከአህዮቹ ኋላ ሆና ትመለከተው ነበር። ይህ ሰው አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ይታሰራሉ፣ ዘሩም ይቃጠላል።

ሞላልኝ የፍርዱን ቅጂ ዘረጋለት። እንግዳሰው ቀስ ብሎ አነበበው፤ ጨርሶ እንደገና አነበበው።

"ማኅተሙ የሊቀ ልባስ ነው" አለ።

"ነው።"

"ጭቃ ነው ይላል።"

"ይላል ጌታው።"

እንግዳሰው ፍሬዋን ወደ ቅርጫቱ መለሳት። "እኔ የምቆጥረው ጥቅል ነው። ጭቃ ቁጠር የሚል ትእዛዝ አልደረሰኝም" አለና በሩን ከፈተው። ሃያውም አህያ አለፈ።

ክረምቱ ገባ። በመንግሥት ጎተራ በኩል የታደለው ዘር ሲፈታ እንደ አምናው ሻግቶ ተገኘ። በሦስቱ መንደሮች ግን ማሽላው በቀለ። ወሬው ዋና ከተማ ሲደርስ ልባስ ቤት ተሰበሰበ። ስለ ሻገተው ዘር የተናገረ አልነበረም። ያስጨነቃቸው ቡቃያው ራቁቱን በአደባባይ መቆሙ ነው። እያንዳንዱ ቡቃያ በብርቅርቅ እንዲሸፈን ተወሰነ። ያንን ጭቃ ያሳለፈው ቆጣሪ ራሱ ሄዶ እንዲሸፍን ታዘዘ፤ እንደ ቅጣት መሆኑ ነው።

እንግዳሰው ሁለት በቅሎ ብርቅርቅ አስጭኖ ሞላልኝ ማሳ ዳር ደረሰ። ማንያህልሻል ከሽማግሌው ጋር እያረመች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

"ምን ይዘህ መጣህ ወንድሜ?"

"ትእዛዝ ነው እትዬ" አለ፤ አንገቱን ደፍቷል። "ሁሉንም ልሸፍን ነው።"

ማሳው እስከ ተራራው ሥር ድረስ አረንጓዴ ነው። ሞላልኝ ሊናገር ሲል ማንያህልሻል በእጇ አስቆመችው። እንግዳሰው የመጀመሪያውን ቡቃያ ሸፈነ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ የቀረውን አየ፤ ቆጣሪ ነውና መቁጠር ጀመረ። ትንሽ ቆጥሮ ተወው። ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ብርቅርቁን ገለጥ ሲያደርገው ቅጠሉ ላይ ላብ አቸፍችፎ አገኘ።

"ያልበዋል እንዴ?" አለ።

"ይተነፍሳላ!" አለው ሞላልኝ።

ከተራራው በኩል ደመናው ወረደና ዝናብ ጀመረ፤ መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ዶፍ። እንግዳሰው ሳያስበው፣ ከልጅነቱ በተማረው፣ ከበቅሎው ጭነት ትልቁን ብርቅርቅ መዘዘና እንዳይረጥቡ በቡቃያዎቹ ላይ ዘረጋው።

"ተው እንግዳሰው" አለችው ማንያህልሻል። "ይጠጡበት።"

ብርቅርቁን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ወደ ከተማው የሚወስደውን መንገድ አየ፣ ማሳውን አየ። ከዚያ ብርቅርቁን ከቡቃያዎቹ ላይ አንስቶ በገዛ ራሱ ላይ ደረበው፤ ሞላልኝንም በክንዱ ሳብ አድርጎ ከሥሩ አስጠለለው። ማንያህልሻልም ጎንበስ ብላ ገባች። ሦስቱም ተጠጋግተው ቆሙ፤ ውሃው በጀርባቸው በኩል ይንሸራተታል እንጂ አይነካቸውም።

"ለካ ይህም ሥራ አለው" አለች ማንያህልሻል፣ ሳቋ እያመለጣት።

ማሽላው ሳይሸፈን ደረሰ፤ ያን ዓመት ሦስቱ መንደሮች አልተሰደዱም። ዘር በጭቃ ማለፍ ከጀመረ ወዲህም ሐይቁ ለመጥራት ብዙ ዘመን ፈጀበት፤ ጓንጉል ይህን ለማየት ዕድሜው ሳይደርስለት ቀረ ይላሉ። ልባስ ቤት አሁንም ቆሟል፣ ሸንጎውም ይሰበሰባል። እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ የጎደለውን ያያችሁ ሙሉበት።